የ12ኛ ክፍል የሒሳብ ውጤት መታከም ያለበት 9ኛ ክፍል መግቢያ ላይ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ለጥቂት ሳምንታት መነጋገሪያ ይሆንና ተመልሶ ይቀዘቅዛል። ከተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 የትምህርት ዘመን 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ እንደነበሩ ትምህርት ሚኒስቴር በየጊዜው ገልጿል። አኃዙ ከፍ እያለ መምጣቱ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ከ100 ተፈታኝ ከ90 በላይ የሚሆነው ዛሬም ከግማሽ በታች ውጤት ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በደቡብ ወሎ ትምህርት ቤቶች ረዘም ላለ ጊዜ ሒሳብ ያስተማርኩ፣ አሁን በጡረታ ላይ ያለሁ መምህር ነኝ። ስለ ሌላው የትምህርት ዓይነት የሚያውቁት ይጻፉበት፤ እኔ ስለ ሒሳብ ብቻ የምለውን እንድታትሙልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የምለው ነገር አንድ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በሒሳብ የሚወድቀው በአብዛኛው ክፍልፋይን፣ ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮችን፣ ቅንፍ መፍታትንና ቀላል ኢኩዌሽንን ሳይጨብጥ 9ኛ ክፍል ስለሚገባ ነው። ከዚያ በኋላ የሚማረው ሁሉ በእነዚህ ላይ የሚቆም በመሆኑ፣ በየዓመቱ አዲስ ምዕራፍ ሲጨመርለት ክፍተቱ አብሮ ይሰፋል። እኛ ግን ማጠናከሪያ የምንሰጠው፣ ቅዳሜና እሑድ ቲቶሪያል የምንከፍተው፣ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን እያባዛን የምናድለው 12ኛ ክፍል ከደረሰ በኋላ፣ ያውም ፈተናው ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው።

ነገሩን በምሳሌ ላሳይ። የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የጎረቤቴ ልጅ በቅርቡ አንድ ዎርክሺት ይዛ መጣች። ያስቸገራት ጥያቄ፣ መሠረታቸው 2 የሆነ የ«ኤክስ» ሎጋሪዝም እና የ«ኤክስ ሲቀነስ 2» ሎጋሪዝም ሲደመሩ 3 ከሆኑ ኤክስ ስንት ነው የሚል ነበር። ልጅቷ የሎጋሪዝሙን ሕግ አልሳተችም፤ የሁለት ሎጋሪዝሞች ድምር የብዜታቸው ሎጋሪዝም መሆኑን በሥርዓቱ ጽፋለች፤ ሎጋሪዝሙ ሲነሣ በቀኝ በኩል የሚቀረው 8 መሆኑንም አውቃለች። ኤክስን በቅንፍ ውስጥ ባለው «ኤክስ ሲቀነስ 2» ስታባዛ ግን ከመጀመሪያው ጋር ብቻ አባዝታ 2ን እንዳለ ተወችውና «ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 2 እኩል ይሆናል 8» ብላ ጻፈች። ኤክስ ስኩዌር 10 ሆነባት። የ10 ስኩዌር ሩት ደግሞ ከአራቱ ምርጫዎች ውስጥ ስለሌለ «ሲ»ን አክብባ ወደሚቀጥለው አለፈች። ቅንፉ በትክክል ቢፈታ ኖሮ «ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 2 ኤክስ» 8 ሆኖ፣ 4 እና ኔጌቲቭ 2 የሚሉ ሁለት መልሶች ይወጡ ነበር፤ ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር ሎጋሪዝም ስለሌለውም ሁለተኛው ተጥሎ 4 ይቀር ነበር።

ይህን ወረቀት የሚያርመው መምህር «ሲ» መከበቡን ብቻ ያያልና ኤክስ አድርጎ ያልፋል፤ ለርእሰ መምህሩም «ተማሪዎቼ ሎጋሪዝም አልገባቸውም» ብሎ ሪፖርት ያደርጋል። ለዚህች ልጅ ሎጋሪዝም ዐሥር ጊዜ ተደግሞ ቢነገራት አንድም የሚጨምርላት ነገር የለም፤ የሳተችው 7ኛ ክፍል ላይ መያዝ የነበረበትን የቅንፍ ማባዛት ነውና። ደብተሯን ወደ ኋላ ስገልጥ ያው ስሕተት በፖሊኖሚያልም፣ በ9ኛ ክፍል ኢኩዌሽንም ላይ በተለያየ መልክ ተደጋግሞ አገኘሁት። ማንም አልነገራትም። ከ5 ላይ በቅንፍ ያለ «ኤክስ ሲቀነስ 2» ሲቀነስ የ2 ምልክት ወደ መደመር መቀየር እንዳለበት የማያውቅ፣ ግማሽና ሲሶ ሲደመሩ ላዕሉን ከላዕል ታህቱን ከታህት ደምሮ «ሁለት አምስተኛ» የሚል የ11ኛ ክፍል ተማሪ በየትምህርት ቤቱ ሞልቷል። ግማሽ እንጀራ የያዘ ሰው ሲሶ ሲጨመርለት ድርሻው ከግማሽ ያንሳል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁት ይሥቃል፤ ደብተሩ ላይ የጻፈው ግን ያንኑ ነው።

ይህ ክፍተት ከየት መጣ ለሚለው፣ የወሎ ልጆች ያሳለፉትን ዓመታት መቁጠር ይበቃል። ዘንድሮ በ2018 11ኛ ክፍል የሚማር ተማሪ ሳይደግም ከመጣ፣ መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ 5ኛ ክፍል ነበር። 5ኛ ክፍል ክፍልፋይና ዴሲማል የሚደላደልበት ዓመት ነው። በ2014 ደግሞ 7ኛ ክፍል ነበር፤ ኔጌቲቭ ቁጥሮችና ኢኩዌሽን የሚያዙት በዚያ ዓመት ነው። ወልድያ ከነሐሴ 2013 ጀምሮ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት 2014 ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት እጅ ውስጥ ነበሩና፣ በዚያ የትምህርት ዘመን ብዙ ልጅ በስደት ላይ ነበር፤ ሲመለስም ብዙዎቹን ትምህርት ቤቶች ወንበራቸውና መጽሐፋቸው ተዘርፎ አገኛቸው። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭትም በየወረዳው ትምህርትን ሲያቋርጥ ቆይቷል። ልጁ ግን በየዓመቱ አንድ ክፍል ከፍ ብሏል። የተዘለለው ትምህርት ተመልሶ ሳይሰጠው ካርዱ ላይ «ተዛውሯል» የሚል ተጽፎለታል። ከዚህ በላይ ስለ ሰነፍ ትውልድ የሚነገረውን ነገር መስማት አልወድም።

ችግሩ በጦርነት ብቻ የመጣ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ከዚያም በፊት የነበረ፣ «ፖርሽን መሸፈን» የምንለው በሽታ አለ። መምህሩ በዓመቱ መጨረሻ የሚጠየቀው መጽሐፉን የት አደረስክ ተብሎ ነው፤ ተማሪው ምን ያዘ ተብሎ አይደለም። ከ1997 ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባውን ፕላዝማ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር ጥያቄ ጠይቆ ልጆቹ እስክሪብቶ ሳያነሡ መልሱን ራሱ ይነግርና ይቀጥል ነበር። ስክሪኖቹ በብዙ ቦታ ተበላሽተው ቀሩ፣ አሠራሩ ግን በሰው መምህር ቀጠለ። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ 60 ተማሪ ያለበት ክፍል ያለ መምህር፣ ሌላ ምንም ባይሠራ እንኳ ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚደርሰው 40 ሰከንድ ነው። ስለዚህ ሰሌዳውን ሞልቶ፣ «ገባችሁ?» ብሎ፣ «አዎ» ተብሎ ይወጣል።

በአካባቢያችን ከዚህ የተለየ የማስተማር ልማድ ጠፍቶ አያውቅም። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ፊደሉን ሳይለይ ወደ ፊደለ ሐዋርያ፣ ያንን ሳይዘልቅ ወደ ዳዊት አይሻገርም፤ ዕድሜው ወይም የትምህርት ዘመኑ ማለቅ አያሻግረውም፣ የኔታ ፊት ቆሞ ማንበቡ እንጂ። የቁርኣን ቤቱም ያው ነው፤ ደረሳው የያዘውን ሸኹ ዘንድ ቀርቦ ሳያሰማ ቀጣዩን አይጀምርም። ሒሳብ ለዚህ አገር ባዳ ነው የሚሉም አሉ፤ የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም፣ እንደ ገታና ዳና ያሉትንም የእስልምና ትምህርት ማዕከላት በያዘው ወሎ ይህ ሲባል ይገርመኛል። ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ የሚቀምር ደብተራ ከስሌቱ ቁጥሮች አንዱ የሆነውን የ2018ን አበቅቴ ሲያወጣ ዓመተ ዓለሙን 7518 ብሎ ለ19 ያካፍላል፣ 13 ይቀረዋል፣ አንድ ቀንሶ ወንበር የሚባለውን ቁጥር 12 ያደርጋል፤ 12ን በ11 አባዝቶ ከ132 ላይ ሠላሳ ሠላሳውን ሲጥል አበቅቴው 12 ይሆናል፤ 12ን በ19 አባዝቶ እንዲሁ ሲያደርግ መጥቅዕ የሚባለው ሌላው ቁጥር 18 ይወጣል፤ ሁለቱ ተደምረው 30 ካልሞሉ ስሌቱ ተሳስቷል ማለት ነው። ፈራኢድ፣ ማለትም የእስልምና የውርስ ክፍፍል ሕግ፣ የተማረ ሰው ደግሞ ሟች ሚስት፣ እናትና አንድ ወንድ ልጅ ትቶ ቢሞት ለሚስት ስምንተኛ፣ ለእናት ስድስተኛ፣ ቀሪውን ለልጁ ብሎ፣ የስምንትና የስድስት የጋራ ታህት 24 መሆኑን አይቶ 3፣ 4 እና 17 እጅ አድርጎ ይመድባል። የ9ኛ ክፍል ተማሪ የጋራ ታህት ፈልጎ መደመር ያቃተው እንደሆነ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አላውቅም፤ መልሱ ትክክል መሆኑን ራሱ መፈተሽ ይችላልና።

እንግዲህ ወደ ሐሳቤ ልመለስ። የምጠይቀው፣ 9ኛ ክፍል የገባ ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ማርክ የማይያዝበት አጭር የመለያ ፈተና እንዲወስድ ነው። ጥያቄዎቹ ከ20 ባይበልጡ፣ ምርጫ ባይኖራቸው፣ ሥራው ወረቀቱ ላይ የሚታይ ቢሆን፤ የሚያካትቱትም ክፍልፋይ፣ ዴሲማልና ፐርሰንት፣ ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮች፣ ቅንፍ፣ ቀላል ኢኩዌሽን፣ ንጽጽርና ስፋት ብቻ ቢሆን ይበቃል። በአማርኛ ይዘጋጅ፤ ልንለካ የምንፈልገው ሒሳቡን እንጂ እንግሊዝኛውን አይደለምና። ከዚያ በኋላ ባሉት ስድስት ወይም ስምንት ሳምንታት ውስጥ ከሳምንቱ የሒሳብ ክፍለ ጊዜዎች ከግማሽ ያላነሱት ለዚህ የጎደለ ትምህርት ይሰጡ። ተማሪው አንዱን ርእስ ያዝኩ የሚለው መምህሩ ፊት ወይም ለዚሁ የተመረጠ ጎበዝ ተማሪ ፊት ሳይሳሳት ሠርቶ ሲያሳይ ይሁን። በመጀመሪያው ወር የያዘው በመጀመሪያው ወር ይለፍ፤ በሁለተኛው የያዘውም በሁለተኛው።

«መጽሐፉ አያልቅም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ አያልቅም። የ9ኛ ክፍል መጽሐፍ በስብስብ ጀምሮ በቁጥር ሥርዓት፣ በኢኩዌሽንና ኢንኢኳሊቲ፣ በትሪጎኖሜትሪ፣ በጂኦሜትሪና ቬክተር አልፎ እስከ ስታትስቲክስና ፕሮባብሊቲ ይሄዳል፤ ከዚህ ውስጥ የመጨረሻው ምዕራፍ ወይም ሁለቱ ቢቆራረጡ የሚደርሰው ጉዳት ሁሉም ተሸፍኖ ምንም ሳይያዝ ከሚደርሰው ያነሰ ነው። ደግሞም የቁጥር ሥርዓትና የኢኩዌሽን ምዕራፎች ክፍተቱን ለመሙላት ራሳቸው በቂ ቦታ ይሰጣሉ፤ ተጨማሪ ጊዜ የሚያስፈልገው መምህሩ «ይህን 7ኛ ክፍል ተምራችኋል» ብሎ ለሚዘለው ክፍል ነው። ይህን ግን መምህሩ በግሉ ማድረግ አይችልም። ሱፐርቫይዘር መጥቶ የትምህርት ዕቅዱን ከመጽሐፉ ገጽ ጋር አስተያይቶ «ወደ ኋላ ቀርተሃል» ብሎ የሚጽፍበት ከሆነ፣ ደፋሩም መምህር ወደ ፖርሽኑ ይመለሳል። ስለዚህ ፈቃዱ ከወረዳና ከዞን ትምህርት መምሪያ በጽሑፍ መምጣት አለበት።

ሁለተኛው ጉዳይ ምዘና ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፈተናው ሁሉ በምርጫ የሆነው «ልጆቹ አገር አቀፍ ፈተናውን እንዲለምዱ» ተብሎ ነው ይባላል። አራት ምርጫ ባለው ጥያቄ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያከብብ ሰው በአማካይ ከ100 25 ያገኛል፤ ጥቂት ኩረጃ ሲጨመርበት 40 ይሞላል። በዚህ ማርክ ላይ ለደብተር፣ ለቡድን ሥራና ለተሳትፎ የሚሰጠው የተከታታይ ምዘና ነጥብ ሲደመር ማንም አይወድቅም። ወላጅ ካርዱን አይቶ ልጄ ደህና ነው ብሎ ይተኛል፤ ልጁ 12ኛ ክፍል ደርሶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ፣ አጠገቡ የሚያውቀው ሰው በሌለበት ሲፈተን እውነቱ ይወጣል። በፈተናው አሰጣጥ መጥበቅ ቅር የሚላቸው አሉ፤ እኔ ግን ስለ ልጆቻችን እውነተኛውን ነገር የነገረን እርሱ ስለሆነ አልከፋም።

በእያንዳንዱ ፈተና ላይ ቢያንስ ሁለት የሥራ ጥያቄ ይኑር፤ ማርኩም ለመልሱ ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ እርምጃ ይሰጥ። ከላይ የጠቀስኳት ልጅ ሥራዋ በእርምጃ ቢታረም ኖሮ ከአምስቱ ነጥብ ሁለት ወይም ሦስት አግኝታ፣ ስሕተቷም በቀይ ተሠምሮባት በዚያው ሳምንት ታውቀው ነበር። አምስት ክፍል የሚያስተምር መምህር 300 ወረቀት የሚያርምበት ጊዜ ከየት ያመጣል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። በሳምንት አንድ ጥያቄ፣ በግማሽ ገጽ፣ የአንዱን ክፍል በአንዱ ሳምንት የሌላውን በሌላው እያሉ ማረም ይቻላል፤ ከ60 ወረቀት ተመሳሳይ ስሕተት የያዙት ሠላሳ ስለሚሆኑ ሰሌዳ ላይ አንድ ጊዜ ማሳየቱ ለሁሉም ይደርሳል። የታረመ ወረቀት ለተማሪው ይመለስ። ይህ መጻፍ የሌለበት ነገር ነበር፤ ነገር ግን ፋይናል ተፈትኖ ወረቀቱን ያላየ ተማሪ ብዙ ነው።

የተማሪ ለተማሪ መረዳዳትን በተመለከተ፣ የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ሌላ ሥራ ስለተሠራበት ስሙ ከፍቷል፤ ብዙ መምህር ሲሰማው ፊቱን ያዞራል። ስሙን ትተን ልማዱን ብንይዝ ጥሩ ነው። ክፍልፋይ የያዘ ልጅ ላልያዘው ጓደኛው በአማርኛ፣ በገዛ አነጋገሩ ሲያስረዳው፣ መምህሩ በእንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ ከጻፈው የበለጠ ይገባዋል። 9ኛ ክፍል ላይ ትምህርቱ በሙሉ እንግሊዝኛ መሆኑ ራሱን የቻለ እንቅፋት ነው፤ ኢኩዌሽኑ ተጽፎ ሲሰጠው የሚፈታ ልጅ ያው ነገር በሦስት መስመር ንባብ ሲመጣበት እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። መምህሩ ጥያቄውን ተማሪዎቹ በአማርኛ ምን እንደተሰጠና ምን እንደተፈለገ ከነገሩት በኋላ ብቻ ወደ ሥራ ቢገባ፣ ከጊዜው ሁለት ደቂቃ ቢወስድ ነው።

የዩኒቨርሲቲዎቻችንን እገዛም በዚህ አጋጣሚ ላንሣ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴና በኮምቦልቻ፣ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በሰሜን ወሎ፣ የደሴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅም በመካከላችን አሉ። የማኅበረሰብ አገልግሎት የሚባለው ሥራ በሒሳብ በኩል ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከሚሰጥ የአንድ ሰሞን ቲቶሪያል ይልቅ፣ የሒሳብ ተማሪዎች ክረምት ላይ 8ኛ ክፍል ያጠናቀቁ ልጆችን ክፍልፋይና ቅንፍ እንዲያስተምሩ ቢደረግ ዋጋው ይበልጣል። ኮሌጁም የመለያ ፈተናውን ቢያዘጋጅ ለዞኑ ሁሉ አንድ ወጥ መለኪያ ይኖራል።

ወላጆች ብዙ ጊዜ «እኛ አልተማርን፣ ምን እናግዘው?» ይላሉ። ልጁ ጥያቄ ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጦ «ይህን እንዴት አገኘኸው?» ብሎ መጠየቅ ፊደል መቁጠር አይፈልግም፤ ልጁ ማስረዳት ካልቻለ ከጓደኛው ወይም ከቴሌግራም የቀዳው ነው። በስልክ ካሜራ ሲነሣ መልሱን ከነአሠራሩ የሚያወጣ መተግበሪያ ስላለ የቤት ሥራው ንጹሕ ሆኖ መሠራቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ተማሪዎችም የተሳሳታችሁትን ጥያቄ ከነስሕተቱ በአንድ ደብተር ለይታችሁ ጻፉ፤ ከሳምንት በኋላ መልሱን ሳታዩ እንደገና ሥሩት። ሒሳብ የሚጠናው በማንበብ አይደለምና ሾርት ኖት ስትሸመድዱ የምታጠፉት ሌሊት አይጠቅማችሁም።

የ2019 የትምህርት ዘመን የ9ኛ ክፍል ዓመታዊ ዕቅድ በየትምህርት ቤቱ የሚዘጋጀው ክረምቱ ሲያልቅ ነው። የደቡብና የሰሜን ወሎ ዞን ትምህርት መምሪያዎች፣ እንዲሁም የደሴ፣ የኮምቦልቻና የወልድያ ከተሞች የትምህርት ኃላፊዎች የመለያ ፈተናውንና የማካካሻ ሳምንታቱን በዕቅዱ ውስጥ እንዲያስገቡ፣ ቢቻል በሁሉም፣ ካልሆነም ፈቃደኛ በሆኑ ጥቂት ትምህርት ቤቶች እንዲሞክሩት፣ በዓመቱ መጨረሻም የሞከሩትንና ያልሞከሩትን ትምህርት ቤቶች ውጤት በዚሁ ጋዜጣ ላይ እንዲያሳውቁን እጠይቃለሁ። ጡረታ የወጣን የሒሳብ መምህራን በየከተማው ስላለን፣ ጥያቄ በማዘጋጀትና ወረቀት በማረም ያለ ክፍያ ለማገዝ ፈቃደኞች የምንሆን አንጠፋም፤ እኔ በበኩሌ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ጡረተኛ የሒሳብ መምህር፣ ደሴ